ወፍጮው ሲታነቅ

በቦንጋ አንድ ዕቃ ተቃጠለ ከተባለ ጥፋተኛው ሳይጠየቅ የታወቀ ነው፤ መብራት ነው። ቴሌቪዥን ቢቃጠል መብራት፣ ፍሪጅ ቢቃጠል መብራት፣ ትዳር ቢፈርስ እንኳ «ያን ሰሞን መብራቱ ይመጣና ይሄድ ነበር» የሚል አይጠፋም። እርግጥ መብራቱም ንጹሕ ነኝ ብሎ የሚምል አይደለም። ከሚሌኒየሙ በዓል ወዲህ በየገጠሩ ፖል ተተክሎ፣ ሽቦ ተዘርግቶ፣ ሰዉም እሰይ ካለ በኋላ፣ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲያኮርፍ ይሄዳል። ስለዚህ ሺሺንዳ ያለው የጋሽ ውባየሁ ወፍጮ እንደገና ሲቃጠል ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ከሰብሪያ በቀር።

ሰብሪያ ቦንጋ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡት የአብዱልሰመድ ልጅ ናት። አያቷ ከወሎ በቅሎ እየነዱ መጥተው እዚሁ የቀሩ ነጋዴ ነበሩ፤ አባቷ ነጋዴ፣ አጎቶቿ ነጋዴ፣ ወንድሟ ኑዕማንም መርካቶ ውስጥ ነጋዴ። እሷ ግን ጅማ ሄዳ ኤሌክትሮኒክስ ተምራ ተመለሰችና፣ ከአባቷ ሱቅ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ለምና፣ የተበላሸ ሬዲዮና ስልክ መጠገን ጀመረች። ሰው መጀመሪያ ሳቀ። «አባት ጨርቅ ይሸጣል፣ ልጅ ሽቦ ትሸምናለች» ተባለ። ኋላ ዝም ያለው ሬዲዮ ሁሉ መናገር ሲጀምር ሳቁ ቀረ፣ ሥራው በዛ፣ እሷም ከሬዲዮ ወደ ወፍጮ አደገች።

የወፍጮው ነገር እንዲህ ነው። ሞተሩ ባለሦስት ፌዝ፣ በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር የሚሠራ ነው፤ እነ ጋሽ ውባየሁ ሰፈር የደረሰው ግን አንድ ፌዝ ብቻ ነው። ስለዚህ በመካከል «ድራይቭ» የሚሉት ሳጥን ገብቶ አንዱን ሦስት ያደርግለታል። በሳጥኑ ውስጥ ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛዎቹ ኤሌክትሪኩን እንደ ውኃ ጋን የሚያጠራቅሙት ኮንደንሰሮች ናቸው። ሁለተኛዋ ከጋኑ እየቀዳች ወደ ሞተሩ የምትልከው፣ መዳፍ የምታህል ጥቁር ሞጁል ናት። በር ጠባቂ በሏት፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ሺህ ጊዜ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ደከመኝ አትልም። የሷ ዓይነት ደግሞ ከአዲስ አበባ ካልመጣ ቦንጋ አይገኝም።

ድራይቩ መጀመሪያ የተበላሸው በዱቄትና በርጥበት ነበር። የከፋን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጫማ አልጋ ሥር ረስተህ ብትሰነብት ሻጋታ አብቅሎ ይጠብቅሃል። ሰብሪያ አዲስ ሞጁል ይዛ ስትሄድ የጋሽ ውባየሁ ሚስት እትዬ ማዕረግ ቦታ ጠቆሙ። ወፍጮ ቤቱ ከመኖሪያ ቤታቸው ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ከግድግዳው ወዲያ ምድጃው አለ፤ ከምድጃው በላይ ለዘር የተመረጠው በቆሎ ተንጠልጥሎ ጭስ ይጠጣል።

«የኔ ልጅ» አሉ እትዬ ማዕረግ፣ «እዚህ አገር የማይሻግት ነገር ቢኖር እዚህ የተሰቀለ ነው። እኛ የምንሳሳለትን ነገር ከዘሩ ጎን ነው የምናስቀምጠው።»

ነገሩ ጥሩ መሰለ። ሞጁሏ ግን ስትሠራ ትሞቃለች፣ ንፋስ ትፈልጋለች፤ ምድጃ ላይ አትሰቀል ነገር። ስለዚህ ሰብሪያ ድራይቩን ለሁለት ከፈለችው። ኮንደንሰሮቹን ከነሳጥኑ ከበቆሎው ጎን ሰቀለች። ሞጁሏን ከነማቀዝቀዣዋ በወፍጮ ቤቱ በኩል፣ ንፋስ በሚያገኛት ግድግዳ ላይ አሰረች። በመካከላቸው ሁለት ረጃጅም ሽቦ ዘረጋች፤ አንዱ በጣሪያው ሥር፣ ሌላው በበሩ ዙሪያ ሄደ። ጋሽ ውባየሁ አይተው «ይቺ ልጅ ጭንቅላት አላት» አሉ። እሷም በልቧ እንደዚያው አለች።

ሞጁሏ ተቃጠለች። በገበያ ቀን፣ ወፍጮው ብዙ በቆሎ ጎርሶ ታንቆ ሳለ፣ ጧ አለችና ቤቱን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተው። «መብራት ነው» አለ ተሰላፊው ሁሉ። ሰብሪያም አመነች። የሚመጣውን መብራት የሚያስተካክል ትልቅ ስታቢላይዘር አስገባች፣ ሌላ ሞጁል ገጠመች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ስታቢላይዘሩም አላስጣለም። እንደገና በቆሎ፣ እንደገና መታነቅ፣ እንደገና ጧ።

ያን ቀን ግን መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። ወፍጮው ሲሠራ የዋለው በጄኔሬተር ነው። ይህ ሁሉ ተነግሯቸው ጋሽ ውባየሁ ካመኑበት ንቅንቅ አላሉም።

«ጉድ እኮ ነው» አሉ፤ «ሳይኖር እንኳ ያቃጥላል።»

አብዱልሰመድ ወሬውን ሱቃቸው ተቀምጠው ሰሙት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ልጃቸውን ጅማ ልከው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ግን ነጋዴን የሚያኖረው ስሙ ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። ሰብሪያን ጠሩና ኑዕማን ከመርካቶ የላካትን ሌላ ሞጁል ከነመጠቅለያዋ ፊቷ አስቀመጡ።

«ይቺ የመጨረሻዋ ናት» አሉ። «ሰው ምን እንደሚል ሰምተሻል? የአብዱልሰመድ ልጅ የሰው ወፍጮ ታቃጥላለች ይላል። ይቺም ከተቃጠለች ክፍሏን ለፈርሐት እሰጣታለሁ። ጨርቅ ትሰቅልበታለች። ጨርቅ ጧ አይልም።»

ፈርሐት የአክስቷ ልጅ ናት። ሰብሪያ አባቷ ለማስፈራራት ያሉት መስሏት ነበር፤ በማግስቱ ፈርሐት ሜትር ይዛ መጥታ ግድግዳውን ስትለካ ግን የምር መሆኑ ገባት። ያቺን ክፍል ካጣች ሌላ የለም። የሚያከራያት እንኳ ቢገኝ፣ ሰው «ወፍጮ ያቃጠለች ናት» እያለ ማን ዕቃ ያመጣላታል?

«ለኪ፣ ለኪ» አለቻት ፈርሐትን። «መጋረጃም ያስፈልግሻል።»

ፈርሐት አፍራ ሜትሯን ጠቀለለችና ወጣች። ሰብሪያ በሩን ገርበብ አድርጋ ሁለቱን የሞቱ ሞጁሎች ጎን ለጎን አስቀመጠች። እስከዚያ ቀን ጥፋተኛውን ከደጅ ስትፈልግ ኖራለች፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። መብራት ካልነበረ መብራት አይደለም። ጄኔሬተሩ ነው እንዳይባል፣ ያን ዕለት ከዚያው ጄኔሬተር የተቀጠለው አምፖልም ሬዲዮም ደህና ነው። ታዲያ ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? በቆሎው። መታነቁ። ወፍጮ ሲታነቅ ሞተሩ ብዙ ከረንት ይስባል፤ ድራይቩ ይህን ሲያይ ራሱን ለማትረፍ በሩን ሁሉ ባንዴ ይዘጋል። እንግዲያው ሞጁሎቹ የሞቱት ሲዘጉ ነው። ራሱን ሊያተርፍ ሲል ነው የሚገድላቸው።

እዚህ ላይ ደርሳ ቀጥሎ ያለው አልታይ አላት። ስልኳን አንስታ ጅማ ያስተማሯት መምህር እንዳለ የሚባሉ ሰው ዘንድ ደወለችና የሆነውን ነገረቻቸው።

«ኮንደንሰሮቹና ሞጁሉ ምን ያህል ይራራቃሉ?» አሉ መምህር እንዳለ፣ ገና ሳትጨርስ።

«ሞጁሉ ወፍጮ ቤት ነው፣ ኮንደንሰሮቹ ምድጃ ላይ።»

«የት ላይ?»

«ምድጃ ላይ፣ ጋሼ። ከበቆሎው ዘር ጎን።»

መምህር እንዳለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሳቃቸውን እየዋጡ እንደሆነ ታወቃት።

«እስቲ ልጠይቅሽ» አሉ። «የተጫነች አህያ ቁልቁለት እየሮጠች ሳለ ድንገት ቀጥ ብትል ጭነቱ ወዴት ይሄዳል?»

«ባንገቷ ላይ ይመጣል።»

«ከረንትም እንደዚያው ነው። በሽቦ ውስጥ እየሮጠ ሳለ በሩን ድንገት ብትዘጊበት፣ ቁም ስላልሽው አይቆምም። ቮልቴጁን ሽቅብ ይሰቅለውና በሩን ይሰብረዋል። ሽቦው በረዘመ ቁጥር፣ ከረንቱ በበዛ ቁጥር ይብሳል። አንቺ ያን የሚያህል ሽቦ ዘርግተሽ፣ ወፍጮው ታንቆ ከረንቱ ጣሪያ በነካበት ሰዓት በር ይዘጋል። ለዚያች ሞጁል ምን ቀራት?»

«ታዲያ ከውጭ የመጣ ነገር የለም?»

«የለም። እዚያው ከመካከላቸው ነው የሚነሳው።»

ሰብሪያ አመስግና ስልኩን ዘጋች። አፈረች፤ አለቀሰችም። ጭንቅላት አላት የተባለላት ሥራ ነው ሁለቱን ሞጁሎች የፈጃቸው። በሻሽዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና ምን መደረግ እንዳለበት ማሰብ ያዘች።

ዝም ብላ ብታስተካክለውስ? ጥፋቱን መብራት ወስዶታል፤ መብራት ደግሞ አይከራከር። ግን ኮንደንሰሮቹ ከምድጃው ወርደው ሞጁሏ ላይ ካልተቀመጡ መፍትሔ የለም፤ እትዬ ማዕረግ ደግሞ ከዘራቸው ጎን የተሰቀለን ነገር ያለ ምክንያት የሚያስወርዱ ሴት አይደሉም። ምክንያቱን ትናገር እንደሆነ ማን እንዳቃጠለው መናገሯ ነው። ሌላ ሰበብ ፈጥራ ብታወርደውም፣ ነገ ዝናቡ ሲጠና መልሰው ይሰቅሉታል። ዞረችበት፣ ዞረችበት፣ መውጫ አጣችለት። እናገራለሁ አለች።

ሥራውን ጀመረች። ሁለት ጠፍጣፋ መዳብ ቆርጣ አንዱን በሌላው ላይ አነባብራ፣ በመካከላቸው እንዳይነካኩ ስስ ፕላስቲክ አስገባች። ከረንቱ የሚሮጥበት መንገድ ከብዙ ክንድ ወደ ጣት ርዝመት እንዲያጥር ኮንደንሰሮቹን ከሞጁሏ ጋር አፍ ለአፍ ገጠመቻቸው። ተርፎ የሚዘል ቮልቴጅ ቢኖር እንዲውጥላት ደግሞ አንዲት ትንሽ ኮንደንሰር የሞጁሏ እግሮች ላይ አሰረች። ለዱቄቱና ለርጥበቱ፣ በያጁ ደጉ ዘንድ ሄዳ ዝግ የብረት ሳጥን አሠራች፤ ክዳኑን በመኪና ጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ዙሪያውን አሸገችው፤ የማቀዝቀዣውን ብረት ብቻ በጀርባ በኩል ወደ ንፋሱ አወጣችው። ደጉ «ይሄ ደግሞ የምን ካዝና ነው?» ቢላት «የክፍሌ ካዝና ነው» አለችው።

ስትጨርስ ለአባቷ ነገረቻቸው። አብዱልሰመድ የሚያጥፉትን ጨርቅ እንደያዙ ቀሩ።

«ይሄን ሄደሽ በሰው ፊት ልትናገሪ?» አሉ።

«ሳልናገር አያወርዱልኝም፣ አባ።»

«ሰው ረስቶት መብራት ነው ብሎ ተቀምጦ ሳለ?»

«ሰው ቢረሳውም ሽቦው አይረሳውም።»

አብዱልሰመድ ጨርቁን አጥፈው መደርደሪያው ላይ አኖሩ። «እኔም እመጣለሁ» አሉ። ሊረዷት ይሁን ወይ ሲቃጠል ዓይናቸው አይቶ ቁልፉን ሊቀበሏት፣ ሰብሪያ አላወቀችም። ለመጠየቅም ፈራች።

በገበያ ቀን ሺሺንዳ ከአውቶቡስ ሲወርዱ ወፍጮ ቤቱ ደጅ የሰው ሰልፍ ነበር። ሰዉ በቆሎውን ተሸክሞ የመጣው «ዛሬ ሊሠራ ነው» የሚል ወሬ ሰምቶ ነው። ሰብሪያ እንዳሰበችው እትዬ ማዕረግ ምድጃው ፊት ቆመው እንቢ አሉ።

«እዚህ ሆኖ የተቃጠለ፣ እዚያ ዱቄት ውስጥ ሊድን? ምነው ልጄ።»

«እትዬ ማዕረግ፣ ያቃጠለው መብራት አይደለም» አለች ሰብሪያ። «እኔ ነኝ። ይሄን ረጅም ሽቦ የዘረጋሁት እኔ ነኝ፣ ሁለቱንም ያቃጠላቸው እሱ ነው። ወፍጮው ሲታነቅ ሽቦው ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ አልቆም ብሎ ሞጁሉን ይሰብረዋል። እዚህ ተሰቅሎ እስካለ ድረስ የፈለግነውን ብንገዛ ይቃጠላል።»

ጋሽ ውባየሁ በሩ ላይ ቆመው ሰሙ። ሰልፉም ሰማ። አብዱልሰመድ ወደ መሬት አዩ።

«አንቺ ነሽ?» አሉ ጋሽ ውባየሁ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሽ ውባየሁ።»

«እኔ እኮ ለዚያ ለመብራት ኃይሉ ሠራተኛ ሰላምታ ካቆምኩ ቆየሁ። በቀደም ቤተ ክርስቲያን ደጅ እጁን ቢዘረጋልኝ ፊቴን አዞርኩበት።» ጢማቸውን አሻሹ። «ምን ብዬ ልታረቀው ነው እንግዲህ?»

ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። እትዬ ማዕረግ ግን አልሳቁም። «ቦታውን ያሳየሁሽ እኔ ነኝ እኮ» አሉ።

«እርስዎ ለርጥበቱ ያሉት ልክ ነው። ሽቦውን ማስረዘም እንደማይገባ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

እትዬ ማዕረግ በርጩማ ስበው ራሳቸው ወጡና ሳጥኑን ከበቆሎው ጎን ፈትተው አወረዱላት።

ሰብሪያ ሥራዋን ስትጨርስ ገና እኩለ ቀን ነበር። ማስነሻውን ተጫነች። ወፍጮው ተነፈሰ፣ ዞረ፣ አገሳ፤ የመጀመሪያው ዱቄት ወረደ። ሴቶቹ እልል አሉ። ጋሽ ውባየሁ ዱቄቱን በመዳፋቸው ተቀብለው አሸተቱት። አብዱልሰመድም ፊታቸው ፈታ አለ።

«አልሃምዱሊላህ» አሉ። «በይ ዕቃሽን ሰብስቢ፣ አውቶቡሱ ሳያመልጠን።»

«አልጨረስኩም፣ አባ። ላንቀው ነው።»

ዙሪያዋን የቆመው ሰው የሰማውን አላመነም። ጋሽ ውባየሁ «ማንን?» አሉ።

«ወፍጮውን። እነዚያኛዎቹ ሞጁሎችም መጀመሪያ መጀመሪያ ሠርተው ነበር፤ የሞቱት ሲታነቅ ነው። ዛሬ እኔ ካላነቅኩት፣ ነገ እኔ በሌለሁበት በቆሎው ያንቀዋል።»

አብዱልሰመድ ክንዷን ይዘው ወደ ጥግ ሳቧት። በዝቅተኛ ድምፅ ነበር የሚናገሩት፣ ግን እጃቸው ጠንክሮ ይዟታል። «የሚሠራ ነገር አትነካኪ። ሰው እልል ብሎልሻል፣ በቃ። ደህና ሁኑ ብለን እንሂድ። ብትቃጠል ግን ያልኩትን አላጥፍም፤ ታውቂኛለሽ።»

«አውቅሃለሁ። ብትቃጠል ቁልፉን እዚሁ እሰጥሃለሁ።»

አባቷ ክንዷን ለቀቁ። ሰብሪያ ወደ ወፍጮው ተመለሰች። መተው አማራት፣ ወላሂ በጣም አማራት። የወፍጮውን አፍ እስከ ከንፈሩ በደረቅ በቆሎ ሞላች፣ እህሉን በልኩ የሚያወርደውን መዝጊያ ይዛ ባንዴ እስከ መጨረሻው ሳበችው።

በቆሎው ጎረፈ። የወፍጮው ድምፅ ወረደ፣ ጎረነነ፣ ቀበቶው ጮኸ። ሰዉ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ ቀጭ የሚል ተሰማና ሁሉ ነገር ቆመ። በፊት በፊት ጧ የሚለው እዚህ ላይ ነው። ሰብሪያ አፍንጫዋን ወደ ሳጥኑ አስጠግታ አሸተተች። የሚሸት ነገር የለም። የታነቀውን በቆሎ በእጇ ዝቃ አወጣችና ማስነሻውን ተጫነች። ወፍጮው ተነሳ።

እልል ያለ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ትንፋሹን እንደያዘ ነው። ሰብሪያ ጎንበስ ብላ ሌላ በቆሎ ልትሞላ የመስፈሪያ ቆርቆሮውን ስትፈልግ አጣችው። ቀና ስትል አባቷ ይዘውታል። ኮታቸውን አውልቀው ለእትዬ ማዕረግ አስይዘዋል፤ የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበዋል።

«አንድ ጊዜ በዕድልም ይሆናል» አሉ አብዱልሰመድ። «ዞር በይ፣ እኔ ልሙላው። አንቺ ሳጥኑን ተመልከቺ።»

ሞሉት። መዝጊያውንም ራሳቸው ሳቡት። ወፍጮው ጎረነነ፣ ታነቀ፣ ቀጭ ብሎ ቆመ። ሰብሪያ አጸዳችው፣ አስነሳችው፣ ተነሳ። አብዱልሰመድ እንደገና መሙላት ጀመሩ። ጸጉራቸው፣ ጢማቸው፣ ቅንድባቸው ዱቄት ሆኗል። በዚህ መሐል ከደካ የመጣ አንድ ሰው በትከሻቸው በኩል ብቅ አለና፣ እሱም ዘንድ የተቃጠለ ድራይቭ እንዳለ ተናግሮ ልጅቱ የት እንደምትገኝ ጠየቃቸው።

አብዱልሰመድ ከሚሞሉት በቆሎ ዓይናቸውን አላነሱም።

«ቦንጋ ገበያ» አሉ፣ ከወፍጮው በላይ እየጮኹ። «ከሱቄ ጎን ያለው ክፍል። የልጄ ክፍል ነው በልና ጠይቅ፣ ያሳዩሃል።»

ሰብሪያ ሰማች። ዞር ብላ አላየቻቸውም፤ ዓይኗ ሞልቶ ነበር። በእጇ ጀርባ ጠረገችና ጣቷን ማስነሻው ላይ አድርጋ መዝጊያው እስኪሳብ ጠበቀች።

«ሳበው፣ አባ» አለች።